የልጄ የዕድገት ፕሌት ተጎድቷል ተባልኩ፤ እጁ አጥሮ ይቀራል?

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ወንድ ልጄ ከማንጎ ዛፍ ላይ ወድቆ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። በዚያው ቀን ማደንዘዣ ሰጥተው ጎትተው መለሱለትና ከክርኑ በላይ የሚደርስ ጄሶ አደረጉለት። ወረቀቱ ላይ «ሳልተር ሃሪስ 2፣ የዕድገት ፕሌት ስብራት» የሚል ተጽፏል። በሳምንቱ ራጅ ሲነሳ አጥንቱ ጥቂት ወደ እጁ ጀርባ ማዘንበሉን፣ ግን እያደገ ሲሄድ እንደሚስተካከል ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ራጁ ላይ በትንሿ ጣት በኩል ባለው አጥንት ሌላ ጥቁር መስመር አየሁ፤ ስለሱ ማንም አላነሳልኝም። ዛሬ 12 ቀኑ ነው። አማቴ ጄሶው ተፈትቶ ወጌሻ እንደገና ይመልሰው ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ እሷ ክንዷ ተሰብሮ ፕሌት ስለገባላት ለልጁም ኦፕሬሽን ይሻለዋል ባይ ናት። እጁ ያጥራል? የእናቴ የወገብ ኤምአርአይ ውጤት ላይም «ኢንድ ፕሌት» ስለሚባል ነገር መጎዳት ስለተጻፈ በዘራችን ያለ ችግር ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

ምላሽ፦ ጄሶው አይፈታ፤ አጥንቱ ዳግመኛ አይጎተት፤ ብረትም አይግባለት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እርስዎ ያሉት ከሆነና አንጓው ያዘነበለው በጥቂቱ ከሆነ፣ 12ኛው ቀን ላይ ከዚህ የተለየ ምክር የለኝም። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ፤ ከአማትዎም ከጎረቤትዎም ጋር ቤት ውስጥ የሚከራከሩት እርስዎ ነዎትና።

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተዋል። የጎረቤትዎ ፕሌት ሐኪም በብሎን የሚያስረው ብረት ነው። የልጅዎ ፕሌት አብሮት የተፈጠረ፣ አጥንቱ የሚረዝምበት ስስ የልም አጥንት ንጣፍ ነው። የእናትዎ ደግሞ የጀርባ አጥንታቸውን ከዲስኩ የሚለየው ስስ ወለል ነው። ሐኪሞች ጠፍጣፋና ስስ የሆነውን ሁሉ ፕሌት ማለት ይቀናናል፤ ወረቀት ላይ ጽፈን ሳናስረዳ ስንሄድ ደግሞ ቤተሰብ እንዲህ ይጨነቃል። በዚህ የእኛን ሙያ ነው የምወቅሰው።

በጥቁሩ መስመር ልጀምር። ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው በካልሲየም የጠነከረው አጥንት ነው። የዕድገት ፕሌት ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት ስለሆነ ጨረሩ ያልፍበታል፤ ስለዚህ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። አንጓው ላይ ሁለት ረጃጅም የክንድ አጥንቶች ይጨርሳሉ፤ አንዱ በአውራ ጣት፣ ሌላው በትንሿ ጣት በኩል። ሁለቱም ጫፋቸው አካባቢ የየራሳቸው የዕድገት ፕሌት አላቸው። እርስዎ ያዩት ሁለተኛ መስመር ከገለጻዎ እንደምረዳው ጤነኛው የትንሿ ጣት በኩል ፕሌት ነው። ግራ እጁን ራጅ ቢያነሱት ያንኑ መስመር እዚያው ቦታ ላይ ያገኙታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ አድርጎ በጣቱ እያመለከተ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም።

ይህ ንጣፍ በውስጡ ሥርዓት ያለው ፋብሪካ ነው። ከመገጣጠሚያው በኩል ባለው ዳር እናት ሴሎች ይቀመጣሉ። ከእነሱ የሚወለዱት ሴሎች እንደ ተደረደረ ሳንቲም ተነባብረው ይሰለፋሉ፣ ይባዛሉ፣ ቀጥሎም ያብጣሉ፤ በመጨረሻ ካልሲየም ገብቶባቸው ይሞቱና ቦታቸውን አጥንት ይተካዋል። አጥንት የሚረዝመው በዚህ መንገድ እንጂ መሐሉ ላይ እየተለጠጠ አይደለም። ከነዚህ ድርድሮች ሁሉ ደካማው ያበጡት ሴሎች ያሉበት ነው። ልጅ እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ያልፋል። ደግነቱ እናት ሴሎቹ ከስንጥቁ ማዶ፣ ከነደም ሥራቸው ይቀራሉ። የልጅዎ ዓይነት ስብራት በጥሩ ሁኔታ የሚድነው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለሌሎች ወላጆችም ልበል። በልጅነት ጅማት ከዕድገት ፕሌት ይበረታል። አዋቂን ወለምታ ብቻ አስይዞ የሚተወው አወዳደቅ ልጅ ላይ ፕሌቱን ሊለየው ይችላል፤ አጥንቱ ካልተነቃነቀ ደግሞ ራጁ ፍጹም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አንጓው ወይም ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚጮህ ልጅ «ወለምታ ነው» ተብሎ ታሽቶ መለቀቅ የለበትም። ራጁ ባያሳይም እንደ ስብራት ተይዞ ለጥቂት ሳምንት ይታሰራል።

ወረቀቱ ላይ ያለው 2 ቁጥር የክብደት ደረጃ ሳይሆን ዓይነት ነው። ሳልተርና ሃሪስ የተባሉ ሁለት ካናዳውያን የአጥንት ሐኪሞች በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጡት አከፋፈል ነው፤ አምስት ዓይነት አለው። አንደኛው ፕሌቱ ብቻ ሲለያይ ነው። ሁለተኛው ስንጥቁ በፕሌቱ ሄዶ ከመገጣጠሚያው ራቅ ባለው ወገን ትንሽ የአጥንት ቁራጭ ይዞ ሲወጣ ነው፤ በጣም የተለመደው እሱ ሲሆን ከሁሉም የፕሌት ስብራቶች ሦስት አራተኛ ገደማ ይሆናል። ሦስተኛውና አራተኛው ስንጥቁ ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባባቸው፣ እናት ሴሎቹንም የሚያቋርጥባቸው ናቸው። እነዚህ ከቦታቸው ፈቀቅ ካሉ ኦፕሬሽን ያስፈልጋቸዋል። አምስተኛው ፕሌቱ ሲጨፈለቅ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ስለማይታይ የሚታወቀው ዕድገቱ ከቆመ በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 3 ወይም 4 ሆኖ እርስዎ ተሳስተው ከሆነ ይህ ምላሽ አይሠራልዎትም፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የአጥንት ሐኪም ጋ ይሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፤ 12ኛው ቀን ላይ እንደገና መጎተት ለምን አይሆንም? የልጅ አጥንት ቶሎ ይይዛል። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ አዲስ አጥንት ስንጥቁን ማጣበቅ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ በኃይል ሲጎተት የሚላቀቀው አዲሱ አጥንት ብቻ አይደለም፤ ከወደቀበት ቀን የተረፉት እናት ሴሎች ይፈጨፈጫሉ። ለተደጋጋሚ ጉተታ የሚከፈለው ዋጋ የዕድገት መቆም ነው፤ ይህን የሚያደርገው ሐኪም ይሁን ወጌሻ ለፕሌቱ ልዩነት የለውም። በሳምንቱ ራጅ ያነሱት ሐኪሞች ማዘንበሉን አይተው የተዉት ቸል ብለው አይደለም፤ ትክክለኛውን አድርገዋል።

የቀረው ማዘንበል ደግሞ በልጅዎ ዕድሜ ከ20 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያስተካክላል። ከዕድገት ፕሌት አጠገብ ያለ ጉብጠት፣ መገጣጠሚያው በሚታጠፍበት አቅጣጫ የሆነ እንደሆነና ልጁ ገና ብዙ ዓመት የሚያድግ ከሆነ፣ በወር አንድ ዲግሪ ገደማ እየቀና ይሄዳል። የልጅዎ ሦስቱንም ያሟላል፤ ወንድ ልጅ በዚህ አንጓ ላይ እስከ 16 ወይም 17 ዓመቱ ድረስ ያድጋል። ራሱን የማያስተካክለው የተጠማዘዘ አጥንት ነው፤ ማለትም እንደ ቁልፍ ዞሮ የተጋጠመ። ሐኪሞቹ ስለ መዞር ምንም ካልነገሩዎት፣ ጄሶው ሲፈታ አንጓው ለዓይን ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቢታይ አይደንግጡ። ያን ዕለት አማትዎ «አላልኩሽም!» ማለታቸው አይቀርም፤ ዓመት ይጠብቁ በሏቸው።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ሙያው ከእኛ በፊት የነበረ መሆኑን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹም ጥንቁቆች ናቸው። ይሁን እንጂ የሚመሰገኑበት አብዛኛው ስብራት ያለማንም እጅ የሚድን ነው፤ በተለይ የልጅ አጥንት አርፎ ከተቀመጠ ይይዛል። የፕሌት ጉዳት ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ ታሽቶና ተጎትቶ የተበላሸ ፕሌት ወዲያው አይናገርም። እጁ ይድናል፣ ልጁ ይጫወታል፣ ወጌሻው ይመረቃል። ጉድለቱ የሚታየው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ አንጓው ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ነው፤ ያን ጊዜ ከዚያ ቀን ማሸት ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር ነው። ያበጠ ክንድ በጠበበ ማሰሪያ ውስጥ ደም ሲያጣ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። በሀገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት ጋንግሪን ሆኖ የተቆረጠ የልጅ እጅ ያላየ የአጥንት ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ለአንድ ቀላል ስብራት ሲባል ይህን ዕጣ ማውጣት አያስፈልግም።

ያው አደጋ በእኛም ጄሶ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ጄሶው እስኪወልቅ ጣቶቹን ይመልከቱ። ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከጨመረ፣ ማስታገሻ ካልመለሰው፣ ጣቶቹን ቀስ ብለው ሲዘረጉለት ከጮኸ፣ ከደነዘዙት፣ ከነጡ ወይም ከቀዘቀዙ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። እስከ ጠዋት መጠበቅ የለም። ጄሶው ቢርስ፣ ቢሰነጠቅ ወይም ቢሸት ደግሞ በማግስቱ ይታይ። ለማሳከኩ የሹራብ መርፌና ብዕር አስገብቶ የሚያክ ልጅ ቆዳውን ያቆስላል፤ ይህን አስቀድመው ይንገሩት። ለሕመም ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በክብደቱ ልክ ይበቃዋል፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

የጎረቤትዎ ምክር ለእሷ ትክክል ነበር፤ የአዋቂ አጥንት ስለማያድግ ራሱን የማቅናት አቅም የለውም፣ ስለዚህ ብረት አስሮ በልኩ ማቆም ያዋጣል። የልጅ አንጓ ላይ ግን ከፕሌቱ ወዲህና ወዲያ ብሎን አስገብቶ በብረት ማሰር ዕድገቱን መቆለፍ ነው። መያዣ የግድ ሲሆን የምንጠቀመው ጥርስ የሌለው ቀጭን ሽቦ ነው፤ በፕሌቱ በኩል ቢያልፍም የሚጎዳው እምብዛም ነው፣ ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላም ይነቀላል። እሱም ቢሆን ጄሶ ውስጥ መቆም ላልቻለ፣ ወይም እብጠቱ ነርቭ ለተጫነ እጅ ነው እንጂ ለልጅዎ ዓይነት አይደለም።

መቆለፉ ራሱ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በቫይታሚን ዲ እጥረት በሚመጣው ሪኬትስ የልጅ የዕድገት ፕሌት ካልሲየም ሳይገባበት ይሰፋል፣ ይለሰልሳል፤ እግሩም ይጎብጣል ወይም ጉልበቶቹ ይጋጫሉ። ፀሐይ በሞላበት ሀገር በሽታው ዛሬም አለ፤ ሕፃናት ተጠቅልለው ቤት ውስጥ ስለሚቆዩ ነው። አብዛኛው በቫይታሚን ዲና በካልሲየም ይቃናል። ተሻሽሎም ሳይቃና የቀረውን ልጅ ጉልበቱ አጠገብ፣ በረዘመው ወገን ብቻ፣ ሁለት ብሎን ያላት ጣት የማታክል ብረት እናስርበታለን። ያ ወገን ሲገታ ሌላው እያደገ እግሩን ያቀናዋል፤ ከዚያ ብረቷ ትወጣለች። ብረትን ከዕድገት ፕሌት ጋር ሆን ብለን የምናገናኘው እንዲህ ሲሆን ነው።

እጁ ያጥራል ወይ? አንጓው አካባቢ በአውራ ጣት በኩል ባለው የክንድ አጥንት ላይ የፕሌት ስብራት ከደረሰባቸው 100 ልጆች መካከል የዕድገት መቆም የሚገጥማቸው 4 ወይም 5 ገደማ ናቸው። ትንሽ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስብራቱ ከጉልበት በላይ ያለው የጭን አጥንት ፕሌት ላይ ቢሆን ኖሮ በዚህ እርጋታ አልጽፍልዎትም ነበር፤ የጭን አጥንት ከሚረዝመው 70 በመቶው የሚመጣው ከዚያ ፕሌት ነው፣ በዓመት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ ጠባሳ ይተዋል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ማጠሩን ነው። አንድ እጅ ከሌላው ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ቢያጥር ግን ሥራ አያስፈታም፤ እንደ እግር አያስነክስም። የአንጓው ትክክለኛ ችግር ሌላ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ዕድገቱ ቆሞ የትንሿ ጣት በኩል ያለው ጤነኛው ማደጉን ሲቀጥል፣ ረዥሙ አጥንት ገፍቶ ይወጣል። ያን ጊዜ በትንሿ ጣት በኩል ያለችው የአንጓ ጉብታ ከሌላኛው እጅ ይልቅ ትጎላለች፣ መዳፉ ወደ አውራ ጣት ያዘነብላል፣ ጨርቅ ሲጨምቅ ወይም በር ሲከፍት ያመዋል። ቶሎ ከተደረሰበት መፍትሔው ቀላል ነው። ፕሌቱን አቋርጦ የበቀለው የአጥንት ድልድይ ከፕሌቱ ግማሽ በታች ከሆነና ልጁ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያድግ ከሆነ ድልድዩ ተፍቆ ቦታው በስብ ይሞላል። ካልሆነም የጤነኛውን አጥንት ዕድገት በትንሽ ኦፕሬሽን በማቆም ሁለቱን እኩል ማስቀረት ይቻላል። ዘግይቶ ሲመጣ ግን አንዱን አጥንት ማሳጠር ወይም ሌላውን ማስረዘም ግድ ይሆናል፤ ይህ ከባድ ሥራ ነው።

ስለዚህ ከጄሶው ይልቅ የማስጨንቅዎ በክትትሉ ነው። በእኛ ዘንድ ጄሶ ሲፈታ ሕክምናው አለቀ ተብሎ ይታሰባል፤ ልጁ ካላመመው ማን ደሞዝ አስቆርጦ ወረፋ ይይዛል? ጄሶው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወልቃል። ከዚያ በ3 ወር፣ በ6 ወርና በዓመቱ ልጁ ምንም ባያመው እንኳ ሁለቱም አንጓዎች አንድ ላይ ራጅ ይነሱ። ሐኪሙ የሚፈልገው አንድ ስስ ነጭ መስመር ነው። አጥንቱ ከጉዳቱ በኋላ ማደግ ሲቀጥል የቆመበትን ቦታ በነጭ መስመር ምልክት ያደርጋል፤ መስመሩ ከፕሌቱ ጋር ጎን ለጎን እኩል እየራቀ ከሄደ ፕሌቱ በሁሉም ወገን እየሠራ ነው። መስመሩ አጋድሎ በአንድ ጫፍ ፕሌቱን ከነካ ድልድይ አለ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ልጆች የአጥንት ሐኪም ይላካል። ይህ ምልክት በዓይን ከሚታየው ጉብጠት ወራት ይቀድማል።

ጄሶው ሲወልቅ የሚያዩት እጅ ያስደነግጣል፤ ይቅጠን፣ ቆዳው ይላጥ፣ ጸጉሩም ከሌላኛው እጅ ረዝሞና ጠቁሮ ይገኝ ይሆናል። ሁሉም በጥቂት ወራት ይመለሳል። አንጓው ስለሚደርቅ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ራሱ ያንቀሳቅሰው፤ በቅቤ ማሸት፣ በኃይል ማጠፍ አይደረግበት። ዛፍ መውጣትና ኳስ ለሌላ 6 ሳምንት ያህል ይቅርበት። የአጥንት ሾርባውን ይጠጣ፣ ጥሩ ምግብ ነው፤ ስብራትን ለይቶ የሚጠግን ኃይል ግን የለውም። ወተት፣ ጤፍና የጠዋት ፀሐይ ለዚህ ዕድሜ በቂ ናቸው።

የእናትዎ ጉዳይ ከልጅዎ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ኤምአርአይ ላይ የሚጻፈው የኢንድ ፕሌት ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ከዕድሜ ጋር ሲደርቅ የሚከተል ነው፤ ወገባቸውን አሟቸው የማያውቁ ሰዎችም ላይ ይገኛል። ልጅዎን የሰበረው የማንጎው ዛፍ ነው እንጂ ዘር አይደለም። እናትዎ ግን ትኩሳት፣ ሌሊት የማያስተኛ ሕመም ወይም ክብደት መቀነስ ካላቸው፣ ወይም ከዚህ በፊት ሳንባ ነቀርሳ ታመው ከነበረ ውጤቱን ይዘው ቶሎ ይታዩ፤ የአጥንት ቲቢና ሌላ ኢንፌክሽን ይህንኑ ወለል መብላት ይወዳሉና።

የመጀመሪያውን ቀን ራጅና የሳምንቱን ራጅ አይጣሉ፤ ለልጁም መጫወቻ አይስጡት። ፊልሙ ቀጥ ብሎ በፖስታው ውስጥ፣ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። በዓመቱ የሚያየው ሐኪም ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል የሚያወዳድረው ከእሱ ጋር ነው።